የአባ ሳሙኤል እምቦጭ ቀለቡ ከየት ይመጣል?

ትንሹ አቃቂ ወንዝ ገፈርሳ ላይ ለመጠጥ የሚበቃ ውኃ ነው። ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ ከወጨጫና ከአካባቢው ተራሮች የሚወርደው ውኃ እዚያ ተገድቦና ተጣርቶ በቀን 30 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ወደ ከተማዋ ቧንቧዎች ይገባል። ከግድቡ በታች የሚቀጥለው ወንዝ ግን ዕጣው ይለያል። ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማን ሲያቋርጥ ከየሰፈሩ የሚወርዱትን ትንንሽ ጅረቶች ይቀበላል፤ ከመጸዳጃ ቤት የሚያመልጠውን፣ ከልብስ አጠባ የሚደፋውን፣ ከጋራዥ የሚፈሰውን፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚለቀቀውን ሁሉ እየጨመረ በመካኒሳ በኩል ወደ ቃሊቲ ያመራል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ሲገናኝ እንኳን ሰው ከብትም ሊጠጣው የማይገባ ውኃ ሆኗል።

አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦች አንዱ ነው። ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም ዳግም 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ሲበረታበት ግን ግድቡን ከሩቅ የሚያይ ሰው ውኃ መሆኑን ይጠራጠራል፤ ከዳር ዳር አረንጓዴ መስክ ነው የሚታየው።

ስለ እምቦጭ ሲነሣ የብዙ ኢትዮጵያዊ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጣና ነው። አረሙ በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው ግን ከጣና በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። አባ ሳሙኤልን ያለፈው የአቃቂ ውኃ ተጉዞ የሚደርሰውም እዚያው አዋሽና ቆቃ ነው። ስለዚህ ኮልፌ ውስጥ በአንድ ቦይ የሚለቀቅ ፍሳሽና መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአንድ ግድብ ላይ የሚንሳፈፍ አረም በአንድ የውኃ መንገድ ላይ ናቸው። ክርክሩ ሁሉ አረሙን በእጅ እንንቀል ወይስ በማሽን፣ በመድኃኒት ወይስ በጢንዚዛ የሚል ሆኖ ሲቀር የሚረሳው ይህ ግንኙነት ነው። አረሙን የሚቀልበው ማነው ተብሎ እስካልተጠየቀ ድረስ የትኛውም መንቀያ ቢመጣ ሥራው ማለቂያ አይኖረውም።

ከውኃ የወጣው ተክል ምን ያሳያል?

አንድ እምቦጭ ከውኃው ተስቦ ሲወጣ የመስፋፋቱ ምክንያት በዓይን ይታያል። የቅጠሉ አገዳ መሀሉ ላይ ያበጠ ነው፤ በቢላ ሲሰነጠቅ ውስጡ አየር የቋጠረ ነጭ ስፖንጅ ነው። የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። ከታች የተንጠለጠለው ሥር ጠቆር ያለ፣ እጅግ ጥቃቅን ጭገር የበዛበት ሲሆን፣ ጥልቅ ውኃ ላይ መሬት ሳይነካ ይኖራል። ከጎኑ ቀጭን ሐረግ ይወጣል፤ በሐረጉ ጫፍ ሌላ ትንሽ ተክል አለ፤ ያም ትንሽ ተክል የራሱን ሐረግ መዘርጋት ጀምሯል። ሐምራዊው አበባ፣ ከላይኛው ቅጠሉ ላይ ካለችው ቢጫ ነጥብ ጋር፣ ያምራል። ከአማዞን ተፋሰስ ወጥቶ አፍሪካንና እስያን ያዳረሰውም ሰዎች ለአበባው ብለው በየኩሬያቸው ስላኖሩት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ትልቁን ነገር የሚነግረን ሥሩ ነው። መሬት የማይነካ ተክል የሚበላውን በሙሉ የሚያገኘው ከውኃው ነው። ለመፋፋት የሚያስፈልጉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በውኃው ውስጥ ሟሙተው መገኘት አለባቸው። በንጹሕ ውኃ ላይ እምቦጭ ይኖራል፤ ግን ይቀጭጫል፣ አካሄዱም ይዘገያል። የሰው ዓይነ ምድርና ሽንት፣ የሳሙና እጣቢ፣ የቄራና የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ በሚገባበት ውኃ ላይ ግን ሙቀቱ ከተመቸው ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ራሱን እጥፍ ያደርጋል።

ይህ እጥፍ የመሆን ጠባይ በዘመቻ ላይ ምን እንደሚያደርግ በስሌት ማየት ይቻላል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም በጣና ላይ አገር አቀፍ የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ የአረሙ ስፋት 4,300 ሄክታር ገደማ እንደነበረ ተገልጾ ነበር። ከዚህ ዘጠኝ አሥረኛው ተነሥቶ 430 ሄክታር ብቻ ቀረ እንበል። ለማንኛውም ሥራ ትልቅ ውጤት ነው። የቀረው ግን በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ የሚሆን ከሆነ 860፣ ከዚያ 1,720፣ ከዚያ 3,440 ይደርሳል፤ አራተኛው እጥፍ ሲመጣ ከመነሻው በልጧል። ሁለት ወር ማለት ነው። በተግባር ነፋስ፣ ብርድና የውኃው መጠን ፍጥነቱን ይቀንሱታል፤ ሒሳቡ ግን ያንኑ ይናገራል። በዚህ ላይ ዘሩ ይጨመራል፤ ከሥር ደለል ውስጥ ገብቶ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት የመብቀል አቅሙን ይዞ የሚቆይ ዘር ነው።

ክብደቱም ሌላ ፈተና ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ አንድ ሄክታር እምቦጭ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 95 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። አንድ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውለው በአመዛኙ ውኃ ከውኃ ውስጥ በማውጣት ነው። የወጣው ክምር ከዳር ርቆ ካልደረቀ ደግሞ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ባይገባም እዚያው በስብሶ የያዘውን ንጥረ ነገር ለውኃው ይመልሳል።

ከመገጭ የተገኘው ትምህርት

እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በሰሜኑ ዳር ነበር። ከዚያ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ተስፋፋ። የየቀበሌው ገበሬ ሆዱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ከአልቅትና ከቢልሃርዚያ ጋር እየታገለ በእጁ ነቀለ። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ካህኑ፣ ወታደሩ ዘመተ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ገዝተው ላኩ። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ምርምር ጀመሩ። የአማራ ክልል ለጣና ሐይቅና ለሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃ የሚሆን ራሱን የቻለ ኤጀንሲ አቋቋመ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የታየው ርብርብ በኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ታሪክ አቻ የለውም ማለት ይቻላል።

አረሙ ግን አልጠፋም። በአንድ በኩል የዘመቻው መቆራረጥ፣ በሌላ በኩል በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር ሥራውን አዳክሞታል። ከሁለቱም በታች ግን አንድ ያልተነካ ምክንያት አለ፤ መገጭ ነው።

የጎንደር ከተማን የሚያቋርጡት ቀሃና አንገረብ ውኃቸውን ለመገጭ ይሰጣሉ። መገጭ የከተማዋን ፍሳሽና የደጋውን አፈር ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይገባል። በምሥራቅ በኩል ርብና ጉማራ ከፎገራ ሜዳና ከጉና ተራራ ተዳፋት የሚታጠበውን ደለልና ማዳበሪያ ያመጣሉ። ክረምት አልፎ ውኃው ሲሸሽ በሐይቁ ዳር የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬት ደግሞ ቀድሞ ደንገልና ሣር ይሸፍነው የነበረ ነው። ወንዙ ያመጣውን ደለል ያዝ አድርጎ የሚያስቀረው ያ ደንገል ነበር። አረሙ መጀመሪያ የታየው በዚያ ወንዝ አፍ፣ የበረታውም በእነዚያ ወንዞች ዳርቻ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም።

ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ጣና ይህን ያህል ከተፈተነ፣ የአንድን ትልቅ ከተማ የሁለት ወንዞች ፍሳሽ በሙሉ የሚቀበለው ትንሹ አባ ሳሙኤል ምን ዓይነት ሸክም እንዳለበት መገመት አያስቸግርም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለአባ ሳሙኤል ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። የሃርትቢስፖርት ግድብ ከጆሃንስበርግና ከአካባቢዋ ከተሞች በሚወርድ ፍሳሽ የሚሞላ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እምቦጭ ሲወርረው ባለሥልጣናቱ ፀረ አረም ኬሚካል ረጩበት። አረሙ ሞተ። ውኃው ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገር ግን እዚያው ስለነበረ ቦታውን መርዛማ አልጌ ተረከበው፤ ግድቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መሰለ። ከአሥርት ዓመታት በኋላም እምቦጩ ተመለሰ። ቆቃ ላይም ቢሆን ከእምቦጩ ሌላ መርዛማ አልጌ የሚያስቸግረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ቀለቡ እስካለ ድረስ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል።

የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ በመጠኑ ተስፋ ይሰጣል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አረሙ የዩጋንዳን፣ የኬንያንና የታንዛንያን ወደቦች ዘግቶ ዓሣ አስጋሪዎችን ከሥራ ውጭ ሲያደርግ፣ ከአረሙ ትውልድ አገር የመጡ ሁለት ዓይነት ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ተራብተው ተለቀቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ1997 እና 98ቱ ከባድ ዝናብና ማዕበል ጋር ተደምሮ፣ የአረሙ ስፋት እጅግ ወረደ። በኬንያ በኩል ግን ከአሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አገርሽቷል፤ በኪሱሙ ከተማ ፊት ያለው ባሕረ ሰላጤ የከተማና የማሳ ፍሳሽ መቀበሉን አላቆመምና ነው። በአገራችንም ከዩጋንዳ የመጡ ጢንዚዛዎች በወንጂ አካባቢ ተራብተው ተሞክረዋል። ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው አባ ሳሙኤል ግን የሌሊቱ ብርድ ርቢያቸውን ስለሚያዘገየው፣ ጢንዚዛ ብቻውን መፍትሔ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ኮልፌ ውስጥ ያለው ድርሻ

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይባላል። የአባ ሳሙኤልን ነገር ከሥሩ ለማየት ኮልፌ ቀራኒዮን ከላይ ወደ ታች መከተል ይበቃል።

ከአጠና ተራ እስከ ቀራኒዮ፣ ከወይራ ሰፈር እስከ ዘነበ ወርቅና አየር ጤና ባለው ስፋት ውስጥ ያረጁ የቀበሌ ቤቶች፣ አዳዲስ ሕንፃዎች፣ ጋራዦችና ገበያዎች ተቀላቅለው ይገኛሉ። በጠባቧ የሰፈር መተላለፊያ ውስጥ ስምንትና አሥር አባወራ በአንድ ጉድጓድ ሽንት ቤት ይጠቀማል። መምጠጫ መኪናው በዚያች መንገድ አይገባም፤ ቢገባም ቱቦው ጓሮው ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ሐምሌ ሲመጣ፣ ዝናቡ ሲያጉረመርምና ቦዩ ሲሞላ፣ ጉድጓዱ በጎኑ ተከፍቶ ከጎርፉ ጋር እንዲሄድ ይደረጋል። ጎረቤት ያውቃል፤ ሽታውም ይናገራል። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ቦዩ ታጥቦ ንጹሕ ይመስላል፤ የታጠበው ግን ወደ ትንሹ አቃቂ ወርዷል።

ይህን የሚያደርጉ ቤተሰቦችን መውቀስ ቀላል ነው። ምርጫቸው ግን ጠባብ ነው፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ቤት እንዲገባ መፍቀድ ወይም መልቀቅ። የአንድ ሰው ሰውነት በዓመት የሚያስወጣው ናይትሮጅን በኪሎ፣ ፎስፈረሱ በመቶ ግራሞች የሚለካ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በሚኖርበት ክፍለ ከተማ ይህ ሲደመር ለአንድ ሰፊ ማሳ የሚበቃ ማዳበሪያ ይሆናል። የወንዙን ዳር ተከትለው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙት አብቃዮች ውኃው ለም መሆኑን ያውቁታል። ከለምነቱ ጋር የሚመጣውን ከባድ ብረት ግን በዓይን ማየት አይችሉም።

ከዚሁ ክፍለ ከተማ ሌላው ምንጭ ረጲ ነው፤ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመዲናዋ ቆሻሻ የተከመረበት ይህ ቦታ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ያ ሐዘን ቦታውን ከአገር አልፎ ለዓለም አሳወቀው። በቀጣዩ ዓመት በአጠገቡ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ነገር ግን ለአሥርት ዓመታት የተከማቸው ክምር ከሥሩ የፕላስቲክም ሆነ የሸክላ ንጣፍ የለውም። ዝናብ በላዩ ሲወርድ አልፎ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ በናይትሮጅን የበለጸገ ነው፤ መሬት ካልዋጠው ወደ ጅረት ይወርዳል፣ ጅረቱም ወደ ትንሹ አቃቂ።

ሦስተኛው ምንጭ ፋብሪካ ነው። በትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ላይ ለረጅም ዓመታት የኖሩት የቆዳ ፋብሪካዎች ወደ ወንዙ ያስገቡት ክሮሚየም የአገራችን ተመራማሪዎች ደጋግመው ያረጋገጡት ነው። ይህ ነገር በእምቦጩ ላይ አንድ ተጨማሪ መዘዝ አለው። እምቦጭ ከባድ ብረትን ከውኃ መምጠጥ ይችላል። በጣና የተነቀለ እምቦጭ ለኮምፖስት፣ ለባዮጋዝ፣ ለከሰል፣ ለምንጣፍ ይዋል የሚለው ሐሳብ መልካም ነው፤ ከአባ ሳሙኤል የተነቀለውን ግን ሳይመረመር ለጎመን ማሳ ኮምፖስት ወይም ለከብት መኖ ማዋል ብረቱን ከወንዙ ወደ ማዕድ መመለስ ይሆናል። አንድ አረም ነው፤ መፍትሔው ግን እንደ ውኃው ይለያያል።

አረም ሁሉ ጠላት አይደለም

በእምቦጭ ላይ የተያዘው ቁጣ አንዳንድ ጊዜ በውኃ ዳር የሚበቅለውን ሁሉ መመንጠርን እንደ ጽዳት አስቆጥሮታል። ይህ ስሕተት ብዙ ያስከፍላል። ደንገል፣ ፊላ፣ ሸምበቆ፣ በየጨፌው የሚበቅለው ረጅም ሣር ሥራቸው በደለሉ ውስጥ የተተከለ ነው። የሚወርደውን ውኃ ያዘገዩታል፤ አፈሩ እንዲረጋ ያደርጋሉ፤ በሥራቸው ዙሪያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይመልሱታል። ለጣና ዓሣ አስጋሪ ደንገል ታንኳው ነው፤ ለሐይቁ ደግሞ ማጣሪያው።

በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር የነበሩት ጨፌዎች አብዛኞቹ በአፈር ተደልድለው ቤትና መንገድ ሆነዋል። በየካቲት 2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን በ29 ቢሊዮን ብር የታቀደ ነበር። ዳርቻውን ከቆሻሻ መጣያነት አውጥቶ ለሰው መመለሱ በራሱ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። የወንዝ ዳር ግን በድንጋይ ተገንብቶና ሣር ለብሶ ሲያበቃ ውኃው ያው ከሆነ አባ ሳሙኤል የሚደርሰው ቀለብ አይቀንስም። በዚያው የልማት ቦታ ውስጥ በየጅረቱ መግቢያ ላይ ፊላና ደንገል የተተከለባቸው ሰው ሠራሽ ጨፌዎችን ማካተት ይቻላል። ቦታ ይፈልጋሉ፤ ኤሌክትሪክ ግን አይፈልጉም፤ የሚያስፈልጋቸው ዋነኛ ጥገና የደረሰውን ተክል በየጊዜው አጭዶ ማውጣት ነው።

የከተማዋ ትልቁ ፍሳሽ ማጣሪያ የሚገኘው ቃሊቲ ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተደርጓል። ቀድሞ ያጣራ ከነበረው 7,600 ሜትር ኩብ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በቀን የሚያመርተው ውኃ ከ500 ሺህ ሜትር ኩብ ይበልጣል፤ ቤት የገባ ውኃ አብዛኛው ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። ለጋራ መኖሪያ ቤቶች የተሠሩት ትንንሽ ማጣሪያዎች ተጨምረውም ቢሆን ክፍተቱ ሰፊ ነው። ክፍተቱ የሚሞላው በወንዙ ነው።

ከፋዩ ማን ነው?

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የወሰን ጉዳይ ነው። ገፈርሳ በሸገር ከተማ በኩል ነው፤ ኮልፌ ቀራኒዮ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ነው፤ አባ ሳሙኤል በመዲናዋ ደቡባዊ ጠርዝና በኦሮሚያ መካከል ነው፤ ቆቃ ከዚያም ወዲያ ነው። አረሙ የሚያስከትለውን ኪሳራ የሚሸከመው የግድቡ ሠራተኛ፣ የአቃቂና የአዋሽ ዳር ገበሬ፣ የቆቃ ዓሣ አስጋሪ ነው። አረሙን የሚቀልበው ግን ከእነርሱ ርቆ በላይ የሚኖር ነው፤ ጉዳቱ ስለማይደርሰው እርምጃ እንዲወስድ የሚያስገድደው ነገር የለም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ ለብክለቱ ኃላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከያ ደንብ አውጥታ ቅጣት መጣል ጀምራለች። ደንቡ ቱቦውን ወደ ወንዝ የለቀቀውን ፋብሪካ ወይም ሕንፃ ለመያዝ ጠቃሚ ነው። መምጠጫ መኪና የማይገባላቸውን አሥር አባወራዎች ግን መቅጣት ጉድጓዱን አያጎድለውም፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው አገልግሎት ነው።

አገልግሎቱ ደግሞ የሚቻል ነው። በጠባብ መንገድ ላይ በእጅ በሚገፋ ፓምፕና በበርሜል የሚሠሩ የማስወገጃ ማኅበራት በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ተሞክረው ሠርተዋል። ኮልፌ ውስጥ ከቤት ለቤት ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት ሰፈሩን፣ ነዋሪውንና መንገዱን ከማንም በላይ ያውቁታል። ለእነዚህ ማኅበራት ተገቢ መሣሪያ፣ የጤና መከላከያና ክፍያ ተሰጥቶ ከሰኔ በፊት የሞሉ ጉድጓዶችን እንዲያጎድሉ ቢደረግ፣ ሐምሌ ላይ ወደ ቦይ የሚለቀቀው ይቀንሳል። ረጲ ላይ የጥቁሩ ፈሳሽ መውጫ በቦይ ተሰብስቦ በማጠራቀሚያ እንዲያዝ ማድረግ አንድ ጊዜ የሚሠራ ግንባታ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየሙን ከፍሳሹ ለይቶ መልሶ የሚጠቀምበት ቴክኒክም ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

በታችኛው ጫፍ፣ አባ ሳሙኤል ላይ፣ እምቦጩን መንቀል መቀጠል አለበት። ግን በሥርዓት ነው፤ ሳያብብ፣ ዘር ሳይጥል፣ ከአንዱ ዳር ተጀምሮ በተንሳፋፊ ገመድ እየተከለለ፣ የወጣውም ከውኃው ርቆና ደርቆ። ከዘመቻው በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ እየዞሩ አዲስ የበቀለውን የሚነቅሉ ቋሚ ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። ከላይ በተሠራው ስሌት መሠረት በሁለት ወር ውስጥ የሚመለሰው አረም በአንድ ጀልባ ላይ ባሉ ጥቂት ሰዎች የሚነሣው ገና ጥቂት ካሬ ሜትር ሳለ ብቻ ነው።

በአገራችን የእምቦጭ ሥራ ውጤት እስካሁን የሚለካው በተነቀለ ሄክታርና በዘመተ ሰው ብዛት ነው። ሁለቱም የሕዝቡን ትጋት ያሳያሉ፤ ወደ ውኃው የሚገባው ቀለብ መቀነሱን ግን አያሳዩም። ለዚህ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ትንሹ አቃቂ ወደ ኮልፌ ቀራኒዮ በሚገባበትና ከክፍለ ከተማው በሚወጣበት ሁለት ቦታ፣ እንዲሁም ወደ አባ ሳሙኤል በሚገባበት ሦስተኛ ቦታ፣ በየወሩ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን ቢለካ ማን ምን ያህል እንደጨመረ በቁጥር ይታወቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው የውኃ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ፣ አሁንም በከተማዋ ያሉ ቤተ ሙከራዎች፣ ውጤቱን ለነዋሪው፣ ለክፍለ ከተማው ምክር ቤትና ከአባ ሳሙኤል በታች ላሉ ወረዳዎች የሚያሳውቅ አንድ ሰሌዳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች ከክረምቱ በፊት በግንቦት ተወስደው ከክረምቱ ልኬቶች ጋር ቢነጻጸሩ፣ በሐምሌ ጎርፍ ምን ያህል ፍሳሽ እንደሚለቀቅ ያሳያሉ። የአንድ ዓመት ውጤት በእጅ ሲገኝም በቀጣዩ በጀት ለማጎደያ አገልግሎት፣ ለረጲ ማጠራቀሚያና ለጅረት ዳር ጨፌ የሚመደበውን ገንዘብ የትኛው ላይ ማስቀደም እንደሚገባ መወሰን ይቻላል።